ለሠርግ ስለወጡት ሃያ አራት የዕድር አግዳሚዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ አቶ ገርባ ጫምሳ
ዕድሜ፦ 66
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የስኳር ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፤ በአሁኑ ጊዜ የሰፈር ዕድር ንብረት ክፍል
አድራሻ፦ አዳማ ከተማ፣ ወደ ወንጂ መውጫ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን ዘሃራ ራህመቶ
ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ስለወጣ የዕድር ንብረት እና በሐሰት ስለተነገረ መርዶ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በዚህ ጉዳይ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ፣ እውነቱን ብቻ ለመናገር ቃል ከገባሁ በኋላ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

በዕድራችን ንብረት ክፍልነት ሳገለግል አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በእጄ ያሉት ንብረቶች ሁለት ድንኳን፣ አራት በርሜል፣ ስድስት ብረት ድስት፣ አንድ ጡሩምባ እና ከ1 እስከ 24 ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። አንዱ አግዳሚ አምስት ሰው ይይዛል፤ ከተፋቀሩ ስድስት። አግዳሚዎቹን ከሠላሳ ዓመት በፊት በነጻ የሠሩልን አናጢውና የዕድሩ መሥራች አቶ አብተው ናቸው። አግዳሚዎቹ ለሐዘን ካልሆነ በስተቀር ከመጋዘን እንዳይወጡ የዕድሩ ደንብ ይከለክላል። ደንቡን የጻፉት የአሁኑ አመልካችና ሊቀመንበራችን አቶ ሰይፈሚካኤል ናቸው። ደንቡን አላውቅም ነበር ብዬ አልከራከርም፤ መጋዘኑ በር ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

ሐሙስ ጥር 15 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የአቶ አብተው የልጅ ልጅ ሊዲ፣ ከእጮኛዋ ከኤባ ጋር ሆና መጋዘኑ ድረስ መጣች። ሊዲ ሞጆ ደረቅ ወደብ በጉምሩክ አስተላላፊነት የምትሠራ ሲሆን ኤባ የኩየራ ልጅ ነው። ሠርጋቸው እሁድ ጥር 18 ቀን፣ በአያቷ ጊቢ ውስጥ፣ በማንጎ ዛፎቹ ጥላ ሥር እንደሚሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ አለመጠራቱንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሊዲ 120 ሰው ብቻ የሚገኝበት ትንሽ ሠርግ ነው የምፈልገው ብላ ነበር። እኔም አልተጠራሁም፤ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

እነሱ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ይህን የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም፣ ሦስት ቀን ሙሉ የእንግዳ መቀመጫ ሲመርጡ ከርመዋል። ሊዲ “ገጠር ገጠር የሚል” ሠርግ ስለፈለገች የፕላስቲክ ወንበር በዓይኔ እንዳላይ ብላለች። በመጀመሪያ ከመቂ የጭድ እስር አስመጡ። የኤባ ታላቅ ወንድም ሊሞክረው ቢቀመጥ ጭዱ በሱሪው ዘልቆ ወጋውና በኦሮምኛ እዚህ ለመጻፍ የማይመች ነገር ተናገረ። በዚያው ከሰዓት የጎረቤት አህያ አጥር ጥሳ ገብታ ሁለት ሙሉ መቀመጫ በላች። ቀጥለው የባሕር ዛፍ ግንድ አስቆርጠው ቢደረድሩ ግንዱ ከነሙሽሪት አክስት ተንከባለለ። አክስትየው ደህና ናቸው። ወደ እኔ የመጡት በሦስት ቀን ውስጥ አግዳሚ የሚሠራ አናጢ አውቅ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

የአናጢውን ስልክ የጻፍኩበት ደብተር መጋዘን ውስጥ ስለነበር በሩን ከፈትኩ። ሊዲ ተከትላኝ ገባች። አግዳሚዎቹ እንደ ልማዳቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። እንጨቱ ከብዙ ሰው መቀመጥ የተነሳ ሳይቀባ ያብረቀርቃል። በእጇ ዳበሰችና “ጋሼ ገርባ፣ ይሄ የአያቴ እጅ ነው አይደል?” አለችኝ። ነው አልኳት። “የአያቴን ሥራ ያየሁት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው” አለች። “ሰው ሁሉ እላዩ ላይ ሲያለቅስ ነው ያደግሁት። እሳቸው በሕይወት እያሉ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲስቅበት ባይ ምን አለበት?”

በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ አሳየኋት። አነበበችና እጇን እንደገና አግዳሚው ላይ አሳረፈች። ብታለቅስ ኖሮ እጨክን ነበር፤ ያ እጇ ግን ረታኝ። ኤባ “ሊዲ፣ በቃ ተይው፣ ጋሼን አናስቸግር” ቢላትም እኔው ራሴ ውሰዱ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ በምንም አልተደለልኩም።

አሁን ጥፋቴን እናገራለሁ። በወጪ መዝገባችን ላይ ያሉት ዓምዶች ቀን፣ የሟች ስም፣ የወጣው ዕቃ እና የተረካቢ ፊርማ ናቸው። መዝገቡ የተሰመረው ለሐዘን ብቻ ስለሆነ የሙሽራ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እኔ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ 31 ዓመት ስሠራ ባዶ ቦታ ያለው ሰነድ ሌባ ይጠራል ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ባዶ ልተወው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ዕቃው የሚሄደው አቶ አብተው ቤት ስለሆነ በሁለተኛው ዓምድ ላይ “አቶ አብተው” ብዬ ጻፍኩ። ሰው እየገደልኩ መሆኔን በዚያን ሰዓት አላስተዋልኩም። ኤባ ፈረመ። ቅዳሜ ጥር 17 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የኤባ ወንድም በአይሱዙ መኪና ሃያ አራቱንም ጭኖ ወሰደ።

እሁድ ጥር 18 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እኔ በአቶ አብተው ጊቢ ነበርኩ። ማንም ባይጠራኝም ንብረቱ በእኔ ስም ስለሆነ ሄድኩ። ሊዲ በፈለገችው መሠረት አግዳሚዎቹን ትልቁን ማንጎ እንዲከቡ አድርገን በግማሽ ክብ ደረደርናቸው። ምንም ጨርቅ አይልበሱ፣ እንጨቱ ይታይ ብላለች። እናቷ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን አግዳሚዎቹ ላይ ያለውን “የዕድር ንብረት” የሚል ጽሑፍ በቀይ አበባ እየሸፈኑ ዞሩ። የድምፅ ማጉያ እየተሞከረ ስለነበር ከውጭ ምንም አይሰማም።

በዚሁ ሰዓት የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ምልኬሳ፣ እሁድ እሁድ መጋዘኑን የሚጠርግ ስለሆነ፣ በሩን ሲከፍት አግዳሚዎቹን አጣ። ሌባ ነው ብሎ ደንግጦ መዝገቡን ቢያይ የሟች ስም በሚለው ሥር በእኔ የእጅ ጽሑፍ አቶ አብተው ይላል። አራት ጊዜ ደውሎልኛል፤ ስልኬ ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ኮቴ ደግሞ ማንጎው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ምልኬሳ ሥራውን ሠራ። ጡሩምባውን እየነፋ “አቶ አብተው አርፈዋል! በልጅ ልጃቸው ሠርግ ቀን አርፈዋል! አልሰማሁም እንዳትሉ!” እያለ ከላይኛው ሰፈር እስከ ታችኛው ዞረ። ምልኬሳ ጥፋት የለበትም። ያነበበውን ነው የነፋው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን የጊቢው በር ተከፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ እንደ ወትሮው ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በአንድ ወገን አግዳሚዎቹ ላይ ተቀመጠና ለቅሶ ተጀመረ። እኔ መጀመሪያ በእርግጥ ሰው የሞተ መስሎኝ እኔም ጥቂት አልቅሻለሁ።

አቶ ሰይፈሚካኤል የገቡት ደረታቸውን እየደቁ ነው። እዚህ ላይ የሚከተለው እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። አቶ ሰይፈሚካኤልና አቶ አብተው ሰባት ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። የተጣሉትም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት አቶ ሰይፈሚካኤል “አሥራ አራተኛው አግዳሚ ይነቃነቃል” በማለታቸው፣ አቶ አብተው ደግሞ “የሚነቃነቀው መሬቱ ነው” ብለው በመመለሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያለበት ለቅሶ ላይ አንዱ ቀድሞ ይወጣል። በዚያን ቀን ግን አቶ ሰይፈሚካኤል ከማንጎው ሥር ቆመው “አብተው! ስንቱን አስቀምጠህ አንተ የት ልትሄድ ነው? አብተው ወንድሜ፣ አልተነቃነቀም! አሥራ አራተኛው አልተነቃነቀም! መሬቱ ነው!” እያሉ አለቀሱ። ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ሰምቷል።

በዚህ መሐል የቤቱ በር ተከፈተና አቶ አብተው ወጡ። ለሠርጉ ጢማቸውን እየተላጩ ስለነበር ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ነጭ ነበር። አንዲት ሴት “በስመ አብ!” ብለው ጮኹ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተው ሄዱ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አቶ አብተው ሕዝቡን አይተው “የሞተው ማን ነው?” ብለው ጠየቁ።  ምልኬሳ ጡሩምባውን ከኋላው ደብቆ “እርስዎ ነዎት ጋሼ” አላቸው። አቶ አብተው አረፋውን ከአገጫቸው ጠረግ አደረጉና “ቀብሬ በስንት ሰዓት ነው? ከ4 ሰዓት ጀምሮ ሠርግ አለብኝ” አሉ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላየሁም። ያየሁት ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ከአግዳሚው ሊወድቅ ሲል ነው። ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ እያስተካከሉ እልል አሉ። ሊዲ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ በመስኮት ታይ ነበር። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰው በአያቷ አግዳሚ ላይ ሲስቅ አየች። እኔንም ደስታው ውስጤ ድረስ ዘለቀኝ፤ ምንም ቢመጣ ይምጣ አልኩ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የተጠሩት እንግዶች ሲደርሱ ባዶ መቀመጫ አልነበረም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጎረቤቶቻችንን በትሕትና እናስነሳ ቢሉ ሊዲ “ከአያቴ ወንበር ማንም አይነሳም” አለች። ማን የት እንደሚቀመጥ የጻፈችበትን ዝርዝርም አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ዝርዝሩ ከእኔ ጋር ስለነበር ለማስረጃነት አቅርቤያለሁ። ከኩየራና ከሻሸመኔ የመጡት የኤባ ዘመዶች አህያዋ ባስተረፈችው ጭድ ላይ ጋቢ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ከዚያው ከጭዱ ላይ ሆነው ነው። ጭዱ እየወጋቸውም ቢሆን ምርቃቱን አላሳጠሩም።

ምርቃቱ እንዳለቀ አቶ አብተው 14 ቁጥርን ከማንጎው ሥር ጎትተው አመጡና በአንድ ጫፍ ተቀመጡ። ከዚያም በሌላው ጫፍ በኩል በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ “ሰይፈሚካኤል፣ ና እንግዲህ፣ ይነቃነቃል?” አሉ። አቶ ሰይፈሚካኤል ሄደው ተቀመጡ። “አይነቃነቅም” አሉ። እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም። ምሳቸውንም ሙሽሮቹ ናቸው እዚያው ያቀረቡላቸው።

ሰኞ ጥር 19 ቀን ጠዋት ሃያ አራቱንም አግዳሚዎች ቆጥሬ መልሻለሁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አቶ ሰይፈሚካኤል መጥተው የመጋዘኑን ቁልፍ ተረከቡኝ፤ ከዕድሩ የመባረሬ ጉዳይም በመጪው እሁድ በጠቅላላ ጉባኤ እንደሚታይ ነገሩኝ። አግዳሚዎቹ ሳይጎድሉ መመለሳቸውን ብገልጽላቸው “አግዳሚውን መልሰሃል፤ እንባዬንስ ማን ይመልስልኛል?” አሉኝ። እኔ በበኩሌ ያናደዳቸው ደንቡ ሳይሆን በሰው ፊት ያለቀሱት ለቅሶ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም አልፈርድባቸውም። ባለቤቴን ከሦስት ዓመት በፊት የቀበረልኝ ይህ ዕድር ነው፤ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። እኔን ማን ይቀብረኛል እያልኩ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ይህን ቃል እየሰጠሁ ሳለ አቶ ሰይፈሚካኤልና አቶ አብተው ተያይዘው ወደዚህ ቢሮ መጥተዋል። አቶ አብተው “በሕይወት መኖሬን ለመመስከር ነው የመጣሁት” ብለዋል። ለአቶ ሰይፈሚካኤልም “የለቅሶህን ብድር አንተ ስትሞት እመልስልሃለሁ፤ አትቸኩል እንጂ” አሏቸው። አቶ ሰይፈሚካኤል ረዳት ሳጅኗ ፊት ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእኔ እጅ አጠገብ አስቀመጡ። “በመዝገቡ ላይ የሙሽራ ስም የሚል ዓምድ ይሰመር፤ የሚያሰምረውም እሱ ነው” ብለው ቤንች ላይ ሊጠብቁ ወጡ። ቁልፉን አንስቻለሁ። አቶ አብተውም በመዝገቡ የሰፈረው ስማቸው እንዳይሰረዝ፣ ቀኑ ብቻ ተሰርዞ ክፍት እንዲቆይላቸው ጠይቀው ተከትለዋቸው ወጥተዋል።

በመጨረሻም በንብረቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ወይም የቆየ ብልሽት እንዳለ ተጠይቄ፣ እውነቱን ለመናገር ቃል ስለገባሁ የሚከተለውን እመልሳለሁ። 14 ቁጥር አንድ ሰው ብቻውን ሲቀመጥበት ይነቃነቃል፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በወረቀት ሳስደግፈው የኖርኩት እኔ ነኝ። እሁድ ዕለት ወረቀት አላደረግሁለትም፤ ሁለቱ በሁለቱ ጫፍ በተቀመጡበት ጊዜ ግን ቀጥ ብሎ ውሏል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ለሁለቱም እንዳይነበብላቸው አጥብቄ እለምናለሁ።

ከላይ የሰፈረው በሙሉ እኔ የተናገርኩት መሆኑን፣ ተነቦልኝ ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት መሆኑን፣ ቁልፉ በእጄ እያለ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገርባ ጫምሳ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን ዘሃራ ራህመቶ (ፊርማ)
በሕይወት ስለመኖራቸው ብቻ የፈረሙ፤ የመጨረሻው አንቀጽ አልተነበበላቸውም፦ አቶ አብተው (ፊርማ)