ስም አወጣጥ የሚያውቅ ሰው

«አካም ቡልቴ፣ ፀሐይ? የዛሬው ውርጭ እንዴት ነው? የኔን ጣቶች ቆርጦ ሊወስዳቸው ምንም አልቀረው። ጤፋችሁስ ተሰበሰበ? ተመስገን ነው… ጮክ ብዬ የማወራው ጆሮሽ ትንሽ ስለሚከብድ ነው፣ አትቀየሚኝ።»

የፀሐይ ጆሮ ምንም አልሆነም። ግን ጎረቤቷን ኦቦ ኢተፋን ያወቀቻቸው ዛሬ አይደለምና፣ ወሬው ለሌላ ጆሮ መሆኑ ወዲያው ገብቷት ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች።

የተቀመጡት ቡራዩ ውስጥ፣ ከአንድ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት ባለ ረጅም አግዳሚ ላይ ነው። ከኦቦ ኢተፋ በስተግራ ልጃቸው ገለቴ አለች። ከፀሐይ ወዲያ፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ኔትወርክ የሌለውን ስልኩን ያገላብጣል። ገለቴ በሦስት ሰዓት ገብታ መልስ እንድትሰጥ የተጠራችው በዚህ ሰው የተነሣ ነው። እሱ የመጣው ለምስክርነት ነው።

ኦቦ ኢተፋ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር አገሩን አስነሥቶታል፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እንኳን የሰው ስም የላማቸውንም ስም ሰው ፊት አይጠሩም። ደግሞ ሲፈሩ ሳቅ ያመልጣቸዋል። ዛሬ በጣም ፈርተዋል፤ ሳቁም አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

«ምን ልታደርግ መጣህ አትዪኝም? ለደስታ ነው እንጂ! ልጄ ስሟን የሚጠራላት ሰው አገኘች። ይኸውልሽ፣ ፊኖ የሚባል ነገር አለ። ዱቄቱን አይደለም፣ ማሎ! እኔም ዱቄት መስሎኝ ስንት ኪሎ ነው ብዬ ጠይቄ፣ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አንድ ቃል ስትሰጪው በቤተ መጻሕፍት ካለው ጽሑፍ ሁሉ ፈልጎ ያመጣልሻል። የሠሩት ፈረንጆች አሠራሩን ገልጠው ለዓለም በነፃ ሰጡት። የጎደለውን የፈለገ ይጨምርበት፣ ቅጥያ ይሥራለት አሉ። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው… ቅጥያህን በራሱ ስም ጥራውና ‹ለፊኖ› በል። ራስህን ፊኖ አታድርግ፤ እኛ የላክንህም አታስመስል። ከባድ ነው? አንዲት ‹ለ› እኮ ናት! ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ እንኳ ‹ለ›ን አውቃታለሁ፣ ከ‹ሀ› ቀጥላ ናት። ግን አንዳንድ ትልቅ ሰው… ሁለተኛ መሆን አይስማማውም።»

ከአግዳሚው ጫፍ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ብርዱ እኮ ሰውን ሁሉ ጉሮሮውን ያዘው። እና ገለቴ ቅጥያ ሠራች። አንዱ ‹ሰበታ›ን በአማርኛ ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው በኦሮምኛ በላቲን ይጽፋል። ፊኖ የዋህ ነው፣ ሁለት አገር ይመስለዋል። እሷ አንድ መሆናቸውን አስተማረችው። ስምንት ወር ፈጀባት። ስሙን ‹ጥንድ ለፊኖ› አለችው። አሁን ይሄ ስም ነው? ማን ዞር ብሎ ያየዋል?… ደግነቱ አንድ የተማረ ሰው ደረሰላት። ‹ማስተዋወቁን ለኔ ተዪው› አላት። ወሰደው… ማለቴ፣ ተሸከመላት። እሷ በስምንት ወር የሠራችውን፣ እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሱ አደረገው። እንደዚህ ያለ ፈጣን እጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ገበያ መሀል ካልሆነ አላየሁም።

«‹ጥንድ›ንም ጣላት፣ ‹ለ›ንም ጣላት። ‹ዋናው ፊኖ› አለው። ይሄ ብቻውን ሰው አይስብም ብሎ ደግሞ አንድ አማርኛ ጨመረበት፦ ‹መንጥር›! መንጥሮ ይፈልጋል ለማለት ነው። አማርኛው የሚያስቀና ነው። ወረቀት አሳትሞ በየመብራት እንጨቱ አስለጠፈ። ከላይ ‹ይፋዊ› ይላል። ከሥሩ ለፍለጋው ምሳሌ ‹ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ› ይላል። ከዚያ በቀይ፣ በትልቁ… ‹መንጥር!› ፀሐይ፣ አትሳቂ። እኔ ስቄአለሁ?»

ይህን ብለው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ገለቴ ክርናቸውን ነካ አደረገቻቸው። አልተዉም።

«እስኪ አስቢው። ገበሬው መሬትህ ፕላኑ ውስጥ ሊገባ ነው ተብሎ እንቅልፍ ካጣ ስንት ቀኑ! በማለዳ ከብቱን እየነዳ ቀና ሲል ምን ያነባል? ይፋዊ… ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን መንጥር! ቁጥቋጦ ነን እንዴ? ከጎኑ ደግሞ የማጉያ መነጽር ሥሎበታል፣ እጀታ ያለው። ሱሉልታ ላይ አንዱ መጥረቢያ መስሎት ቤቱ ገባና የራሱን መጥረቢያ ይዞ ወጣ! ከኋላው መንደሩ በሙሉ ተከተለው። ሰው ሳይጎዳ የተመለሱት በፈጣሪ ቸርነት ነው። ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! የሙዚቃ ባንድ እንኳ በአንድ ጠዋት ያን ያህል ሕዝብ አያስወጣም።

«አሁን ደግነቱን ስሚ። ወረቀቱ ሲለጠፍ የገለቴ ስም የለበትም። የሱ አለ፣ ያባቱ አለ፣ ያያቱም አለ። ቦታ አልበቃ ብሎት ነው እንጂ ክፋት የለውም። በኋላ ግን ‹ይህን ስም ያወጣው ማነው?› ተብሎ ሲጠየቅ… ልጄ ትዝ አለችው! ‹ሥራውም የገለቴ ነው፣ ስሙንም ያወጣችው እሷ ናት› ብሎ ተናገረላት። የተለጠፈውን ሰው ቀዶ ጨረሰው፤ በእጁ በቀረው ወረቀት ላይ የራሱን ስም በነጭ ቀለም ሸፍኖ የሷን ጻፈበት። ትሕትናን አየሽ? ስምንት ወር ለፍታ ያጣችውን ክብር፣ ሳትለምነው እስከዚህ በር ድረስ አመጣላት!»

 ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

«እሷ ገብታ ‹መንጥር አላልኩም› ብትል ማን ይሰማታል? ስሟ ወረቀቱ ላይ አለ። ዛሬ ወደ ቤቷ ትመለስ አትመለስ አላውቅም፣ ፀሐይ። አንድ ሰው ብቻ ብድግ ብሎ ‹ቃሉ የኔ ነው፣ የሷ ጥንድ ነው፤ ስለ ፍለጋ እንጂ ስለ መሬት አላሰብኩም› ቢል፣ እንደ ስሕተት ታልፎ በሳቅ ባለቀ ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ሰውዬው ዓይን አፋር ነው። ራሱን ከፊት ማድረግ የሚችለው… ሲሞገስ ብቻ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ዘበኛው አንገቱን አወጣና፣ «የዚያ የ‹መንጥር› ባለቤት ይግባ!» አለ።

ገለቴ ተነሣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ግራጫ ጃኬት የለበሰው ሰውም ከአግዳሚው ግማሽ ያህል ብድግ ብሎ እዚያው ቀረ፤ ቆሟልም ተቀምጧልም አይባልም። ኦቦ ኢተፋ ወደሱ አልዞሩም። ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፀሐይን፣ «አሜን በይ» አሏት።

«ዋቃ ለዚያ ደግ ሰው ወንድ ልጅ ይስጠው። ልጁ ይደግ፣ ይመንደግ። አገር የሚያወራለት ሥራ ይሥራ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ‹የማን ልጅ ነህ?› ብሎ ይጠይቀው። ያን ጊዜ ልጁ… ልክ እንደ አባቱ ለጋስ ይሁንና… አፉን ሞልቶ የሌላ ሰው ስም ይጥራ።»