ቀርከሃው ውስጥ የሚጮኸው ውሃ

ስሙኝማ፤ ጨው ጭኜ ወደ አሶሳ ገበያ ስወርድ ከቀርከሃው ጫካ ውስጥ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ለመንገዱ ገና አዲስ ነበርኩና ውሃ መኖሩን አላውቅም ነበር! በቅሎዬን አስሬ ቀርከሃውን እየገለጥኩ ብገባ፣ ከአለት ሥር ምንጭ ይፈልቃል። አንዲት አሮጊት የበርታ ሴት እርጥብ ቀርከሃ ሰንጥቃ አሸንዳ ትገጥምለታለች። ውሃው ከአሸንዳው ጫፍ ድንጋይ ላይ እየወደቀ ጫካውን በጩኸት ሞልቶታል።

«እናቴ፣ ከምንጩ በቅል መቅዳት እያለ ምን ያደክምዎታል?» አልኳት።

«ለመቅዳት አይደለም፣ ለድምፁ ነው» አለችኝ በገበያ አማርኛዋ፣ ሴቱንም በወንድ እየጠራች። «ባሪያ ፈንጋይ መጣ፣ ሴት ልጄን ወሰደ። ትንሽ ነበር፤ መንገድ አያውቅም። ይሄን ድምፅ ግን ያውቃል፤ እዚህ ነው ያደገው። ቀርከሃ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃው ዝም ይላል። ዝም ካለ ልጄ በምን ያገኘኛል? ኢንሻላህ ይመጣል።»

ከአሸንዳው ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ገበያ ሁሉ፣ አንገቷን የደፋች ሴት ባየሁ ቁጥር ያቺ አሮጊት ትዝ ትለኝ ጀመር።

በሌላ ጊዜ ስወርድ «በክረምቱ ሞተች» አሉኝ ገበያ ላይ። ስመለስ ጫካው ጸጥ ብሏል። ገባሁ። አሸንዳው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውሃው በአፈሩ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። አብረውኝ የሚነግዱት ጓደኞቼ ከመንገዱ «ይመሽብናል፣ ና!» እያሉ ይጣራሉ። እኔ ግን እርጥብ ቀርከሃ ቆረጥኩ፣ ሰንጥቄም ገጠምኩት። ውሃው መጮህ ሲጀምር፣ ሳላስበው ዞር ብዬ መንገድ መንገዱን አየሁ።