ቤት የሚላከው ትምህርት

ኒሉፋ ያስሚን ወደ ባሪሳል ከተማ በሚሄደው ጀልባ ላይ ቦታ ስትፈልግ፣ ባዶ ሆኖ ያገኘችው ከሞታሌብ ሰር አጠገብ ያለውን መቀመጫ ብቻ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እሳቸው እዚያው ያረጁ፣ የወረዳው ሹማምንት ሳይቀሩ «መምህሬ» ብለው የሚነሡላቸው ሰው ናቸው። እሷ ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በመምህራን ክፍል ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ብዙ አይጨዋወቱም።

«ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉና ጃንጥላቸውን አነሡላት። «ዓይኔን ልታይ ነው። አንቺስ?»

«አክስቴን ልጠይቅ ነው፣ ሰር።»

ጀልባው ከመቆሚያው ሲላቀቅ ኒሉፋ ዞር ብላ ከኋላ አንድ የምታውቀው ፊት አየች። የዘጠነኛ ክፍሏ ጆሽና በጨርቅ በተቋጠረ ዕቃ ላይ ተቀምጣለች፤ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሰንብታለች። አባቷ ሶብሐን ሚያ አጠገቧ ቆሟል። ኒሉፋ ተነሥታ ሄደች።

«ወዴት ነው፣ ወንድሜ?»

«ዳካ፣ አፓ» አለ፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሮ ሲጠራት። «የእህቴ ልጅ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቦታ አግኝታላታለች።»

«ትምህርቷስ?»

ሶብሐን ሚያ በአገጩ ወደ ሞታሌብ ሰር አመለከተ። «እሳቸውን ይጠይቋቸው። ‹የቤት ሥራ አትሠራም፣ ጭንቅላቷ አይቀበልም› ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በየቀኑ ከክፍል አስወጥተው ፀሐይ ላይ ከሚያቆሟት፣ የስፌት መኪና ፊት ብትቀመጥ ይሻላታል።»

ጆሽና ቀና አላለችም። ኒሉፋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ደሟ ፈልቶ ነበር። ለሽማግሌ የሚገባውን አክብሮት ላለማጓደል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰር፣ አንድ ነገር ልናገር። ይቆጡኝ ይሆናል።»

«ተናገሪ» አሉ ፓን የሚባለውን ቅጠላቸውን እያኘኩ። «ወንዝ መሃል ነን፤ ብቆጣስ የት እሄዳለሁ?»

«ያቺ ልጅ የቤት ሥራ ያልሠራችው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ምን ይጠየቃል? ሰነፍ ስለሆነች ነዋ። እኔ በኩራዝ ነው የተማርኩት። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ማንም አላስጠናኝም።»

«እርስዎ በኩራዝ ሲያጠኑ ሩዙን ማን ይቀቅል ነበር?»

«እናቴ ናታ። እህቴም ታግዛት ነበር።»

«እህትዎ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማሩ?»

ሞታሌብ ሰር ማኘካቸውን አቆሙ። «እህቴ አልተማረችም» አሉ።

«ጆሽና በቤታቸው ውስጥ እንደ እህትዎ ናት፣ ሰር። ሩዙም እሷን፣ ውኃውም እሷን፣ ሕፃናቱም እሷን ነው የሚጠብቁት። እኛ ደግሞ የክፍል ሥራ ብለን ምን እናደርጋለን? ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች እንሞላለን፤ ልጆቹ ሲገለብጡ ደወሉ ይደወላል። ለመገልበጥ መምህር ያስፈልጋል? ቀላሉን እኛ ፊት አሠርተን፣ ከባዱን፣ ድርሰቱን፣ ጥያቄውን፣ ሰዋስውን፣ ፊደል የሚለይ ሰው ወደሌለበት ቤት እንልከዋለን። ሳይሠራ ሲመጣ ልጅቷን እንቀጣለን። መቀጣት ያለብን እኛ ነን።»

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፤ ሰው እያየን ነው።» ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። «አንቺ ክፍል ውስጥ ልጆቹን እያስለፈለፍሽ ትውያለሽ፤ ደብተራቸው ባዶ ነው። ወላጅ ደብተር ነው የሚያየው። ፈተናውም የሚመጣው ከመጽሐፉ ነው። ክፍሉ ጢም ብሎ በሞላበት አገር ከዚህ ሌላ ምን ዘዴ አለ? በእኔ ዘዴ የተማረ ባዶውን አይወጣም። ከፈለግሽ እዚሁ ላሳይሽ። ጆሽና፣ ነይ እስቲ።»

ልጅቷ መጥታ ፊታቸው ቆመች። አባቷም ተከተላት።

«‹የጀልባ ጉዞ› የሚለውን ድርሰት በይልኝ።»

ጆሽና እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ በእንግሊዝኛ በቃሏ ትወጣው ጀመር። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፤ ወንዙ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ነበር፤ ቀዛፊው በለስላሳ ድምፅ ያንጎራጉር ነበር። አንድ ቃል አልሳተችም። ሰዓቱ ግን ቀትር ነው፤ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል፤ ጀልባው በናፍጣ ሽታ ታፍኗል። ሞታሌብ ሰር ኩራት ኩራት አላቸው።

«አየሽ?»

ኒሉፋ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ «ጆሽና፣ ወዴት ነው የምትሄጂው?» ስትል ጠየቀቻት።

ልጅቷ የጀልባውን ወለል አየች፤ ቀጥላም አባቷን። በመጨረሻ በቤንጋሊ «አፓ፣ ይሄ እኮ ድርሰቱ ውስጥ የለም» አለች።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሳቁ። ሞታሌብ ሰር አልሳቁም። እሳቸውም በተራቸው «ከዚህ ሆነሽ ምን ይታይሻል?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቋት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይኸው» አለች ኒሉፋ በንዴት። «ስንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርናት። ጀልባ ላይ ተቀምጣ ስለ ጀልባ ትሸመድዳለች፤ የሚታያትን ግን መናገር አትችልም። እንዲህ አድርገን ካደነዘዝናት በኋላ ‹ጭንቅላቷ አይቀበልም› ብለን ለአባቷ አስረከብናት።»

ሞታሌብ ሰር ወደ እሷ ዞሩ። «እሺ» አሉ። «አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ክፍል ከመግባቴ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ፦ ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ዛሬ ጠዋት የማይችሉትን ምን ይችላሉ? ከዚያ ከባዱን እዚያው እኔ እያለሁ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠሩታል። ሲሳሳቱ አርማለሁ። ክፍሉ ቢሞላም ጎረቤት የሌለው ልጅ የለም።»

ጆሽናን አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ይታየኛል» እና «እፈልጋለሁ» የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ግሦች ሰጠቻት፤ እንዴት ወደ አሉታ እንደሚለወጡም ነገረቻት። ልጅቷ በመጀመሪያ ተንተባተበች። መረብ ይታየኛል አለች። ዳክዬ ይታየኛል። አንድ ሻጭ በቃሪያና በሰናፍጭ ዘይት የታሸ ሩዝ ይዞ ሲያልፍ ሩዝ እፈልጋለሁ አለች፤ ሞታሌብ ሰር ሣቅ ብለው ገዙላት። ሩዙን በእጇ እንደያዘች ግን ማንም ሳይጠይቃት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጨመረች፤ ቃሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች።

«ምን አለች?» አለ አባቷ።

ኒሉፋ ወደ ሞታሌብ ሰር ተመለከተች። መልሱ የሽማግሌው እንዲሆን ፈለገች።

«‹ዳካ መሄድ አልፈልግም› አለች» አሉ ሞታሌብ ሰር። «ይህን ቃል እኔ አላስተማርኳትም፣ ሶብሐን። ራሷ ናት የገጣጠመችው። ጭንቅላቷ አይቀበልም ያልኩህ ተሳስቼ ነው። ይዘሃት ተመለስ።»

«ዛሬ እንዲህ ይላሉ፤ ነገ ደግሞ ፀሐይ ላይ ያቆሟታል።»

«ካቆምኳት ቤቴ መጥተህ ልጆቼ ፊት ስደበኝ።»

ሶብሐን ሚያ ራሱን አከከ። ልጅቷን አየ፤ ዕቃዋን አየ። የሚቀጥለው መቆሚያ ላይ ዕቃውን አንሥቶ፣ ወደ መንደሩ የሚመለሰውን ጀልባ ሊጠብቅ ወረደ። ጆሽና ሩዟን እንደያዘች ተከተለችው።

ሞታሌብ ሰር ዓይናቸውን ታይተው ከተመለሱ በኋላ፣ ከኒሉፋ ጋር ተቀምጠው የሳምንቱን ትምህርት ማቀድ ለመዱ። መጀመሪያ ላይ በየሐሳቡ ይጨቃጨቁ ነበር። እሳቸው አሁንም ድርሰት ማሸምደድ ይወዳሉ፤ እሷም አንዳንዱን ለፈተና ተወችላቸው። የቤት ሥራው ግን አጠረ፤ ቤት ብቻ ሊሰጠው ወደሚችለው ነገር ተለወጠ፦ እናትሽ ዓሣ እንዴት እንደምታደርቅ ጠይቀሽ ነገ በራስሽ ቃል ንገሪን፤ አባትህ ጎርፉን እንዴት እንዳለፈው ጠይቀህ ና። ሩዝ እየቀቀሉም ሊሠራ የሚችል ነው። እንዲህ ሲሆን የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚመጣ ልጅ ጥቂት ሆነ፤ የሚቀሩት ልጃገረዶችም ቀነሱ፤ የኋላ መቀመጫዎቹ ላይ የነበሩት አፍ አወጡ። እናቶቹም ልጆቻቸው የሚማሩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁት፤ የሚጠየቁት እነሱ ናቸዋ።

ደስ ያላለው ግን አልጠፋም። አንድ ቀን አንድ የእህል ነጋዴ የልጁን ደብተር ይዞ መምህራን ክፍል ገባና ኒሉፋ ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ግማሹ ባዶ ነው። የምታስተምሩት ምንድን ነው?»

ኒሉፋ ልትመልስ ስትል ሞታሌብ ሰር ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለሰው ሁሉ የሚያሳዩት ትሕትና ያን ዕለት ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

«ደብተሩ እንዲሞላ ከፈለግህ» አሉት፣ «ነገ ደብተሩን ላከው፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ይሞላልሃል። ልጅህ እንዲማር ከፈለግህ ልጅህን ላከው።»