ጣሪያዬን ከመንቀልህ በፊት

በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው ቤቴ ጣሪያው ቢያረጅ አናጢ ጠራሁ። ሰውየው መሰላሉን አቁሞ ቆርቆሮውን ሊነቅል ሲል፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ መሣሪያህን አሳየኝ» አልኩት፤ ውስጥ ልጄ አራስ ናት።

«አቦ እትዬ፣ እርስዎም እንደ ቀበሌ ፍተሻ ጀመሩ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«አዎ፣ ዘርግፈው!»

መዶሻው ደህና ነው። መጋዙን ግን እንጨት ላይ ብሞክረው ጥርሱ አልቋል።

«እሱን ከጎረቤት እንዋሳለን።»

«እንግዲያው ቤቴን ሳታፈርስ ተዋስ!»

እያጉረመረመ ሄደ። መጋዝ ተውሶ በሩ ላይ ሲደርስ ሰማዩ ዶፉን ለቀቀው። አሮጌው ቆርቆሮ ጥግ ጥጉን ቢያፈስም አራሷ ላይ ጠብ አላለም። አናጢው ቀና ብሎ አየው።

ያኔ በደርግ ጊዜ በየስብሰባው «አሮጌው ይፍረስ» ይባል ነበር። አዲሱ በምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም።