ለቆጠራ የተዋስናቸው ሰዎች

ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል። ሺንሺቾ አጠገብ ያለችው መንደራችን የሕዝቧ ቁጥር ስላነሰ የራሷ ገበሬ ማኅበር አይኖራትም ተባለ። እኔ ብልጡ፣ ቆጣሪዎቹ የመጡ ቀን ማዶ የሚኖሩትን አማቴን ከነልጃቸው አምጥቼ ከእኛ ጋር አስቆጠርኳቸው። ሌላውም ዘመዱን አመጣ፤ ማኅበሩ ተፈቀደልን።

ዓመት ሳይሞላ ብሔራዊ ውትድርና መጣና "በሕዝባችሁ ልክ ወጣት አምጡ" አሉን። ሊቀመንበሩ "ያስቆጠርከውን አንተው አምጣ" ብሎ አፈጠጠብኝ። አማቴ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ገና ከደጅ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ዛሬም ቆጠራ አለ እንዴ ልጄ?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ "አንተ፣ ያን ሸሚዝህን ልበስ! የእህትህ ባል ሊያስቆጥርህ መጥቷል።" ልጁ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ፣ እየሳቀ ወጣ። "አይደለም" ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን "ቶሎ በል፣ እንዳይረፍድብን" ነው።