የቢሮው መጋረጃና የአሻ ድሪቶ

ክልሉ አዲስ ሲቋቋም አሶሳ ውስጥ የአንድ ቢሮ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መቼም እኔ ሰው ካልጠረጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን አሻ የምትባል ሴት ከልብስ ሰፊዎች የለቀመችውን ቁርጥራጭ እየቀጣጠለች የምትሰፋውን ድሪቶ ገበያ ላይ ዘርግታ አየሁ። መሀሉ ላይ ያ ባለ አበባው አረንጓዴ የቢሯችን መጋረጃ ተጥፎበታል! ደሜ ፈላ።

«ይሄን የመንግሥት ጨርቅ ከየት አመጣሽው? ፖሊስ ነው የምጠራው!» ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ከበበን። እሷ መስፋቷን እንኳ አላቆመችም።

«ሱሪህን ማን ሰፋው?» አለችኝ።

«መጋረጃውን የሰፋው ሰውዬ ነዋ!»

«እንግዲያው ኪስህን ገልብጥ።»

ገለበጥኩት። ገበሩ አረንጓዴ ነው፤ ያውም ከነአበባው።

«ወላሂ፣» አለች ቀና ሳትል፣ «አሁን ፖሊሱን ጥራ።»