ስም የሌለው ውጤት

ወደ ገሳይ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ወረቀት ዘረጉላት።

«የተመረመርኩበት ክሊኒክ የስኳር ምርመራዬን ውጤት ለገሳይ ጤና ጣቢያ በኢሜይል ላከው። እነሱ ግን ሲያትሙት ስም የለበትም ብለው መድኃኒቱን ከለከሉኝ።»

ወጣቷ ወረቀቱን አየችው።

«በስምዎ ቦታ ባዶ ሳጥን ነው የወጣው፣ እማማ።»

«ማን ነው ስሜን ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ። ውጤቱን ፒዲኤፍ አድርጎ የሚልከውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። የአማርኛውን ፊደል ከፋይሉ ጋር አብሬ ስላላስገባሁት የእነሱ ኮምፒውተር ሊያነበው አልቻለም።»

«አንቺ? ታዲያ አሁን ወዴት ነሽ?»

«እዚያው ጤና ጣቢያው። አስተካክዬ እልከዋለሁ። የሰዉ ስም በትክክል ታትሞ ሳላይ አልመለስም።»

«እንግዲያው እኔም ቤቴ አልገባም፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ጥሩወርቅ። አንድም ፊደል እንዳታስቀሪ።»

የምወርድበት ቦታ ደርሶ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።